ክሩ ከተረከዝ እስከ ወገብ

ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር
ጥቅምት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለናስራ፣ ኮምቦልቻ

ከሰላምታ በፊት አንድ ከባድ ጉዳይ ላስታውቅሽ እገደዳለሁ። ትናንት ሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኔ በምሠራበት ቪላ ውስጥ አንድ ስኩተር ገብቷል። የሰው ሕይወት አልጠፋም። የቤቱ እመቤት ሲት ነጅዋ፣ ባለቤቷና ልጃቸው ጂብሪል በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ። የተጎዳሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ወገቤን።

አሁን አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ? ልጅሽ ኢሳ እንዴት ነው? ድሮ የጋራችን፣ አሁን የብቻሽ የሆነው ሙስዐብስ ከጅቡቲ መንገድ ይመለሳል ወይስ አሁንም መኪናው ላይ ነው የሚኖረው? አላህ ይጠብቀው። እኔን የፈታኝ ቀንም ሞተሩን አላጠፋም ነበር።

ስኩተር ማለት እግር የሚቆምባት ሳንቃ፣ ከፊትና ከኋላ ጎማ፣ ከፊት ደግሞ እንደ ብስክሌት የሚያዝ መሪ ነው። ልጁ በአንድ እግሩ ሳንቃው ላይ ይቆማል፣ በሌላው መሬቱን እየረገጠ ይሄዳል፣ እኔ ከኋላው እወለውላለሁ። የሦስታችን ሥራ ነው፤ የልጁ፣ የጎማውና የእኔ። ጂብሪል ሰባት ዓመቱ ነው። ከሳሎን እስከ በረንዳ በተመላለሰ ቁጥር ጥቁር መስመር ይተዋል። ትናንት አራት ጊዜ ወለወልኩ። በአራተኛው ተንበርክኬ ሳለሁ ያለፈው ደብዳቤሽ ትዝ አለኝ። «ሳሎናችን ነጭ ሴራሚክ ለበሰ፤ ፊት ያሳያል። ላንቺ መቼም ብርቅ አይደለም፤ ስትወለውዪ ነው የምትውዪው» ያልሽው። እዚያው እንደተንበረከክሁ ለልጄ ለለምለም ስኩተር ልገዛላት ወሰንኩ። ይህ ሐሳብ ለምን በዚያች ደቂቃ እንደመጣልኝ አንቺው ተርጉሚው።

ለምን አትደውይም ላልሽው ደግሞ መልሱን ታውቂዋለሽ። የአረፋ ዕለት ስደውል ስልኩን አንስተሽ «ለምሉ፣ ነይ፣ የሱዳኗ ሴትዮ ደወለች» ስትዪ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሱዳኗ ሴትዮ! ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት ልጅ፣ በአራት ዓመቷ ከነለቅሶዋ ላንቺ አስረክቤያት የተሰደድኩላት ልጅ! ያን ዕለት «የናስራን ድምፅ ዳግመኛ ብሰማ ሁለት ወር ልጹም» ብዬ በአላህ ምያለሁ። እቤት ያለው ስልክ ያንቺ ብቻ ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ ለራሷ አሳጠረች፤ የልጄንም ድምፅ ያሳጣሁት እኔው ራሴን ነው። አውቀዋለሁ፤ አትንገሪኝ። ግን መሐላ መሐላ ነው። ደብዳቤ ድምፅ እንደሌለው ደግሞ እዚህ ማዮ ሰፈር ያሉትን ሼኽ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

እንግዲህ የምፈልገው ይህን ነው። ክር ውሰጂ። ለምለም ጫማዋን አድርጋ ቀጥ ብላ ትቁም። ከተረከዟ እስከ ወገቧ ለክተሽ፣ ቋጥረሽ፣ በሹፌሩ በዓለምነህ በኩል ላኪልኝ። ለጫማ ሲሆን እግሯን ወረቀት ላይ እንደምትስዪልኝ ማለት ነው። ሌላም አለ። የፊት ጥርሶቿ ወደቁ? ሁለቱም? ስለ እኔስ ምን ትላለች?

ሀጀራ


ኮምቦልቻ
ጥቅምት 26 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሀጀራ፣ ካርቱም

ወአለይኩም ሰላም። እትዬ ያልኩሽ በዕድሜ ስለምትበልጪኝ ነው። በስንት እንደምትበልጪኝ እንዳልጽፍ አክብሮቴ ከለከለኝ።

በስኩተሩ ምክንያት በወገብሽ ላይ በደረሰው ጉዳት የተሰማኝን ሐዘን በራሴ፣ በኢሳና በሴራሚካችን ስም እገልጻለሁ። ሙስዐብ ደህና ነው። አዎ፣ መኪናው ላይ ነው የሚኖረው፤ ሲመጣ ግን ጫማውን የሚያወልቀው የእኔ ደጅ ላይ ነው።

«የሱዳኗ ሴትዮ» ስላልሽው ነገር፣ እኔ ምንም የማፍርበት አላየሁም። ለልጅ ሰው ሲነገር ባገሩ ነው። የጅቡቲው መኪና፣ የጅዳው አጎት፣ የሱዳኗ ሴትዮ። አድራሻ ነው እንጂ ስድብ አይደለም። ደግሞስ ማን ልበልሽ? ልጅቱ ትኩሳት ይዟት ስትንቀጠቀጥ ጨርቅ እየነከረ ግንባሯ ላይ የሚያኖር ሰው ከሱዳን ሲመጣ አላየሁም። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ፣ ቅማሏን የለቀምኩላት እኔ። እማዬነቱ ግን በስልክ ይላካል መሰለሽ።

ጥርሶቿ ሁለቱም ወድቀዋል። አንዱ በራሱ፣ አንዱ በሸንኮራ። እንደ ወጉ ጣራ ላይ ወርውረናቸዋል።

ስለ እኔ ምን ትላለች ላልሽው፦ ልጅቱ ስለ አንቺ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ቅር እንዳይልሽ። ልጅ ናት፣ ትረሳለች።

ክሩ እዚሁ ታጥፎልሻል። ቀይ ነው። ቋጠሮው ወገብ ነው፤ የተረከዙን ጫፍ እንዳትሳሳቺ በእሳት ለብልቤዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ በትሕትና ላሳስብ። ጎማው ጥቁር ባይሆን፤ ሴራሚኩ ጥቁር ነገር አይወድም። ጩኸት ባይኖረው፤ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጋደም እላለሁ።

ናስራ


ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር
ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለናስራ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም። ጠላት ለጠላቱ የግንቡን ስንጥቅ በገዛ እጁ ጽፎ ሲልክለት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ቅንነትሽ አመሰግናለሁ።

ኅዳር 9፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ በአውቶቡስ ድልድዩን ተሻግሬ ኦምዱርማን ገበያ ሄድኩ። የብስክሌት ሱቅ ውስጥ ገዛኸኝ የሚባል የጎንደር ልጅ ይሠራል፤ ወደ ሊቢያ የሚሻገርበትን ቀን እየጠበቀ እስከዚያው ጎማ ይጠግናል። አማርኛ ስሰማ እንባዬ መጣ። አማርኛው ግን ወዲያው አናደደኝ።

«እትዬ፣ ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስምንት ልትደፍን ነው።»

ክሩን ተቀብሎ አንዱ መሪ ላይ አስጠጋው፣ ሌላው ላይ አስጠጋው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «ይሄ ክር ስምንት ዓመት አያውቅም። የአምስት ዓመት ልጅ ክር ነው። የመሪው መያዣ ከወገብ ከፍ፣ ከደረት ዝቅ ማለት አለበት። በዚህ ክር ከሄድን ይቺን ባለ ሦስት ጎማዋን ነው የምሰጥሽ። የሕፃን ናት።»

«የወለድካት አንተ ነህ?»

«ኧረ እኔ ሚስትም የለኝ!»

«እንግዲያው ዝም በል።»

እውነቱን ልጻፍልሽ፤ ክሩ ለእኔ አላጠረኝም። ትቻት ስመጣ ወገቧ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር የሚውለው። እዚያው ሱቁ መሐል ክሩን ከተረከዜ ጀምሬ ዘረጋሁት፤ ጉልበቴን አንድ ስንዝር አልፎ ቆመ። «እሰይ፣ ረዝማለች» አልኩ። ገዛኸኝ አንገቱን ደፍቶ ጎማ መንፋት ጀመረ። «መሪው ከፍ ዝቅ የሚለውን ውሰጂ፤ ድንገት ብትረዝም» አለኝ። አንዱን ነቅነቅ ሳደርገው ማጥበቂያው ላይ ሲወላገድ አየሁ። «የሚወላገድስ?» አልኩት። «እሱ አደጋ ነው፤ ሌላው ጥሩ ጥሩው አልቋል» አለ። ስለዚህ ባለ ሦስት ጎማዋን ገዛሁ። ልጄ ለዕድሜዋ አጥራ ከሆነም ያጠረችው ባንቺ ወጥ ነው። ምን እንደምታበያት በሚቀጥለው ደብዳቤ ጻፊልኝ።

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ። ገዛኸኝ አስረዳኝ። ደረቁ ፕላስቲክ ይጮኻል፣ ሴራሚክ ላይም ያንሸራትታል። ግራጫው ጸጥ ያለ ነው፤ ግን ወለሉ ላይ ውኃ ጠብ ካለ አይይዝም። «ጥቁሩ ጥሩ አድርጎ ይይዛል» አለኝ፣ «ግን ወለል ላይ ይጽፋል።»

«ይጻፍ!» አልኩት። «እኛም የምንገናኘው በጽሑፍ ነው።»

ናስራ፣ በሕይወቴ ደኅንነትና በቀል በአንድ ጎማ ላይ ሲገጥሙልኝ ይህ መጀመሪያዬ ነው። ጎማው ሲሽከረከር ቀይና ሰማያዊ መብራት ያበራል። መሪው ላይ ደወል አለው። ደወሉ ከሰዓት በኋላ የበለጠ ይሰማል።

ግን ስሚኝ። በቀሉ ያንቺ ነው፣ ጉልበቱ የልጄ ነው፤ እንዳታምታቺ። ሄልሜት ልኬያለሁ። ግንባሯን ይሸፍን፣ ወደ ኋላ አይጋደም። አገጯ ስር ያለው ማሰሪያ ሁለት ጣት ያስገባ እንጂ እፍኝ አያስገባ። የጉልበትና የክርን መከላከያውን «ይሞቀኛል» ብትል አትስሚያት። ጫማ ትጫማ፣ በነጠላ ጫማ እንዳትወጣ። ፍሬኑ ከኋላው ጎማ በላይ ያለው ብረት ነው፣ በእግር ይረገጣል፤ ከመሄድ በፊት መቆም ትማር። በሳንቃው ላይ አንድ ልጅ ብቻ፤ ሁለት አይወጣም። ከመስጊዱ ወደ አስፋልቱ የሚወርደውን ቁልቁለት ደግሞ አስታውሰዋለሁ። እዚያ በፍጹም። ሳሎን ውስጥ ግን እንደልቧ፤ በተለይ ጋደም ስትዪ።

ሀጀራ


ኮምቦልቻ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሀጀራ፣ ካርቱም

ሰላምታዬ ከነጥቁር መስመሩ ይድረስሽ።

ዕቃው በዓለምነህ እጅ ሳይጎድል ደርሷል። ሴራሚኩ ላይ ከበሩ እስከ ቡፌው አሥራ አንድ መስመር አለ፤ እንኳን ደስ ያለሽ። ጎረቤቶች «ባቡር ገባላችሁ እንዴ?» ይሉኛል። ከሰዓት በኋላ መጋደም ትቻለሁ። ጉልበቴን ያመኝ ጀመር፤ ያንቺን ወገብ ሳስብ ግን ይሻለኛል።

አንድ ነገር ብቻ አልተሳካም። መሪው ለምለም ጭን ላይ ቀረ። ስትይዘው ምስር እንደምትለቅም ሴት ታጎነብሳለች። ኢሳ ደግሞ ለሙከራ ቢወጣበት ልክ በልኩ እንደተሰፋ ሆነለት። ውረድ ብንለው እሺ አይልም። አላህ ለልጅ የሰጠውን ማን ይቀማል? ለምለም አላለቀሰችም። ሄልሜቱን ብቻ ወሰደች። ምሳ ስትበላ አታወልቀውም። ትምህርት ቤት አድርጋው ሄዳ መምህሯ «ግንበኛ ናት ወይስ ተማሪ?» ብሎ ልኮብኛል።

ለምን እንዲህ ሆነ ካልሽ እኔ አላውቅም። ክር ይኮማተራል። ሱዳንም ሙቀት ነው።

ምን ታበያታለሽ ላልሽው፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ሲገኝ ሥጋ። ልጅሽ አላጠረችም፤ ከክፍሏ ልጆች በቁመት የሚበልጣት አንድ ልጅ ብቻ ነው። እኔ ነኝ ያስረዘምኳት።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። አንድ ትንሽ ነገር ነበረች፣ ቀለም የሚገባት አይደለችም።

ናስራ


ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር
ታኅሣሥ 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለናስራ፣ ኮምቦልቻ

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አስቀምጬዋለሁ።

ክር ይኮማተራል? ከኮምቦልቻ ካርቱም ሲደርስ ስንዝር ተኩል የሚኮማተር ክር ካለሽ የአልባሳት ነጋዴዎችን አስጠንቅቂያቸው። የለካሽው ልጅሽን ነው! የእኔን ልጅ ስኩተር በኢሳ ልክ አሰፋሽ። እኔ ደግሞ እንደ ጅል ክሩን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «እሰይ» አልኩልሽ። ሰው ፊት፣ ገበያ መሐል! ገዛኸኝ ነገሩን ስነግረው መፍቻው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። «እትዬ፣ ብዬሽ ነበር» አለኝ። ብሎኝ ነበር። በአራት ዓመቷ የቀረችው ልጅ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ያለችው ናት። አንቺ ያንን አውቀሽ ገባሽበት። ይህን በቀል አልረሳውም፤ ጥሩ በቀል ስለሆነም ጭምር።

ኢሳን አውርጂው አልልም። በልጅ ላይ ቂም የለኝም። የተወለደ ዕለት አጥሚት ያቀረብኩልሽ እኔ ነኝ፤ ረስተሽው ይሆናል። ይልቅ ለኢሳ የግል ስጦታ ልኬለታለሁ። ጥሩንባ ነው፤ መሪው ላይ ይታሰራል። ጥቁሯን ኳስ ሲጨብጧት እንደ ከባድ መኪና ትጮኻለች። ገዛኸኝ ሱቅ ውስጥ ሲሞክራት ባለሱቁ «ያላ! ባራ!» እያለ ሁለታችንንም ወደ ውጭ አባረረን። ከዚያ በኋላ ነው የገዛኋት።

ለለምለም አዲስ እገዛላታለሁ፤ ትልቅ፣ ባለ ሁለት ጎማ። ልኳን ላኪልኝ። ያለ ቀልድ። አሁን ባለው ላይ እያጎነበሰች እንዳትነዳ ከልክያት። መሪው ሲያጥር ክብደቷ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ትንሽ ጠጠር ይጥላታል፤ ገዛኸኝ ነው ያለኝ። ሁለት ልጅ አንድ ላይ አይውጣ ያልኩትንም እደግመዋለሁ።

ትናንት ሲት ነጅዋ ስጽፍ አይታኝ «ሀጀራ፣ ለማን ነው?» አለችኝ። «ለጠላቴ» አልኳት። «ይህን ያህል ገጽ? እኔ ለእህቴ እንኳ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም» አለች። ገጹን ገልብጬ መጻፌን ቀጠልኩ።

ቀለም የማይገባት ትንሽ ነገር ምንድን ናት? ቀለሙ የእኔ ይሁን። ንገሪኝ።

ሀጀራ


ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር
ጥር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለናስራ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም። ድምፅሽን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ጾሜን ጀመርኩ።

ሐሙስ ዕለት ስልኬ ሲጮኽ ደረጃውን እወለውል ነበር። ስምሽን አይቼ ተውኩት። እንደገና ጮኸ፣ ተውኩት። በሦስተኛው እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ አነሳሁት። ሦስቴ የደወልሽው ለወሬ እንዳልሆነ ገብቶኛል። «አሰላሙ አለይኩም» እንኳ አላልሽም። «ተርፋለች» ነው ያልሽው። ከዚያ በኋላ ያልሽውን ግማሹን አልሰማሁትም። ባልዲው ተደፍቶ ውኃው በደረጃው ሲወርድ ሲት ነጅዋ መጥታ ራሷ ጠረገችው። ይህን የምጽፍልሽ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ ነው። ሲት ነጅዋ መወልወያ በየት በኩል እንደሚያዝ አታውቅም ነበር።

እንደሰማሁት ክንዷ ነው። ሐኪም በጄሶ አስሮታል። ወጌሻ እንዳትጨምሪበት። ራሷ ደህና ነው፣ ሄልሜቱ ተሰንጥቋል። ኢሳ ከፊቷ ቆሞ ነበር፤ አልተጫረም። ባጃጁ የቆመው ጥሩንባ ሰምቶ ነው። ትክክል ሰምቻለሁ? የእኔ ጥሩንባ? አንቺን እንቅልፍ ልነሳበት የላክሁት ጥሩንባ? ኢሳ ሳይለቃት እየጨበጠ ወረደ አልሽ። አላህ ይባርከው፤ የሚቀጥለውን ሱሪ ከእኔ ነው የሚያገኘው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። መስጊዱ ቁልቁለት ላይ፣ ሁለት ልጅ፣ ባጠረ መሪ። ሦስቱንም ጽፌልሽ ነበር። የልጄን ክንድ የሰበረው ያንቺ ክር ነው፤ በዚህ ቃል እስከ ቂያማ ቀን ድረስ እጠይቅሻለሁ። ይህም ሆኖ ሐኪም ቤት ተሸክመሻት የሮጥሽው አንቺ ነሽ፤ ባዶ እግርሽን ነበር አሉ፤ ዓለምነህ ነው የነገረኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ምን እንደማደርጋቸው አላውቅም። ለጊዜው ለየብቻ አስቀምጫቸዋለሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ወዴት ነበር የምትሄደው? በስልኩ ስጠይቅሽ ወደ ሐኪሙ ወሬ ዞርሽ፤ አውቀሽ ስትሸሺ እለየዋለሁ። ሁለተኛ፣ «አገናኚኝ» ስልሽ «በመድኃኒቱ ተኝታለች» አልሽ። ለማን ብዬ ነው ታዲያ መሐላዬን ያፈረስኩት? የሰማሁት ያንቺን ድምፅ ብቻ ነው። ስድሳ ቀን ላንቺ ድምፅ ውድ ነው። ስለዚህ ሠላሳውን አንቺ ጹሚ። ቂም ተይዞ ጸሎት ሳል ተይዞ ስርቆት እንደሚሉት፣ ተቀባይነት ማግኘታችንን እንጃ። ግን ብቻዬን አልራብም። ስድሳውን እኔ ብጨርሰው ረመዳን እስኪገባ ሳምንት ቢተርፈኝ ነው።

ሀጀራ


ኮምቦልቻ
ጥር 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሀጀራ፣ ካርቱም

ወአለይኩም ሰላም። እጇ እየዳነ ነው። ወጌሻ አልጠራሁም። ጄሶው ላይ ኢሳ ስኩተር ሥሎበታል፤ ስድስት ጎማ አለው።

ስለ ጾሙ የእኛን ሼኽ ጠይቄያለሁ። «ተናዳ የማለችው ስለሆነ ሦስት ቀን ይበቃታል፤ ወይም አሥር ድሆች ታብላ» አሉኝ። ይህን ካወቅሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። መደወል እየቻልኩ በደብዳቤ ያደረግሁት «የልጄን ክንድ የሰበረው ያንቺ ክር ነው» ስላልሽኝ ነው። እኔም ግን ድርሻዬን ጀምሬያለሁ፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ከሦስት ማለፉን ለማንም አትንገሪ።

ወዴት ነበር የምትሄደው ላልሽው እመልሳለሁ። ያን ቀን ጠዋት ዓለምነህ ሊነሳ መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ ነበር። ለምለም «እኔን እንደገና ለኪኝና ለእሱ እንስጠው» ብላ ለመነችኝ። እንቢ አልኳት። ራሷ ክር ወሰደች። ኢሳ ስኩተሩን አልሰጥም ሲል «እሺ፣ ከፊት ቁም» ብላ አሳፈረችው። መኪናው ሳያመልጣት ክሩን ለመስጠት ነው የወረደችው። ሐኪሙ ክንዷን ሲያስር ክሩ መዳፏ ውስጥ ነበር።

አሁን የምጽፈውን አንብበሽ ቅደጂው። ሙስዐብን ሳላገባ፣ በመጀመሪያ ትዳሬ፣ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ሰባት ወሯ ነበር። መቃብር ቆፋሪው ልኳን ላኩልኝ ሲል አማቴ ክሩን ለእኔ ሰጠችኝና የለካኋት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሕያው ልጅ ላይ ክር አሳርፌ አላውቅም። ኢሳንም ቢሆን። ያንቺ ደብዳቤ «ከተረከዟ እስከ ወገቧ» ሲል ለምለምን አቆምኳት፣ ክሩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩት። ውጭ ገመድ ላይ የኢሳ ሱሪ ተሰጥቶ ነበር። እሱን ለካሁ። የለምለም ሱሪም አጠገቡ ነበር። እሱን ለምን እንዳልለካሁ ትጠይቂኛለሽ። እዚያ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ እልክ ነው። ክር ያልነካት ከፍርሃቴ ነው፣ የኢሳ ሱሪ የተመረጠው ከእልኬ ነው። ክንዷን የሰበረው ሁለተኛው ነው። ቂያማን አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ አምኛለሁ።

አጥሚቱን አልረሳሁትም። ጨው በዝቶበት ነበር።

ቀለም የማይገባት ትንሽ ነገር ይህች ናት። ስኩተሩ የደረሰ ዕለት ለምለም መሪውን አየችው፣ ራሷን አየችው፣ ከዚያ «እማዬ ትንሽ መስዬያት ነው፤ ቁመቴን ንገሪያት» አለችኝ። አልነገርኩሽም።

የበሩ መቃን ላይ ቁመቷንም ወገቧንም በእርሳስ የምታሰምርበት መስመር አለ፤ በየወሩ ራሷ ነው የምታሰምረው። መዳፏ ውስጥ የነበረው አረንጓዴ ክር የተለካው በዚያ ነው። ከመቃኑ ጋር አመሳክሬዋለሁ፤ ልክ ነው። እዚህ ውስጥ አለልሽ። የለካነው በሩን ነው እንጂ ልጅ አይደለም፤ አትሥጊ። ባለ ሁለት ጎማ ይሁን፣ ማጥበቂያው አይወላገድ፣ ሄልሜቱም አዲስ ይሁን፤ የተሰነጠቀው ሁለተኛ አያድንም ብሎኛል ሐኪሙ። ጎማውን ጥቁር አድርጊው፤ ጥቁሩ ይይዛል። ሴራሚኩን እኔ እወለውላለሁ።

መሐላሽ እንደሆነ ፈርሷል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደውዪ። ስልኩን እሷ ናት የምታነሳው፤ ከዚህ የከፋ በቀል አላገኘሁልሽም፤ ወሬዋ አያልቅም።

ናስራ

እርማት፦ ጥቅምት 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በጻፍኩት ደብዳቤ «ልጅቱ ስለ አንቺ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም» ተብሎ የሰፈረው ስሕተት ስለሆነ፣ «ከአረፋ ወዲህ ከትምህርት ቤት በገባች ቁጥር ቦርሳዋን ሳታወርድ ‹ናስራ፣ እማዬ ደወለች?› ሳትል የቀረችበት ቀን የለም» ተብሎ ይነበብ።